ቅሬታ የማያበዙ ሰዎች

እኔ ያደግኩት ጎንደር ነው፣ የሥራ ጓደኛዬ አሜሪካ፣ ሂውስተን። እኔ አጭር ነኝ፣ እሷ በር ስታልፍ ጎንበስ ማለት ምንም አይቀራት። በትምህርት ክፍላችን ያለነው ጥቁር ሴት መምህራን ሁለታችን ብቻ ስለሆንን ግን ስማችን ይቀያየራል። የእሷ ጥናት ሲታተም «እንኳን ደስ አለሽ» የተባልኩት እኔ ነኝ። ኮሚቴ በተቋቋመ ቁጥር አንዳችን እንጠራለን። ቴኑር (የመምህርነት ቋሚ የሥራ ዋስትና) የሚወሰን ጊዜ ግን ያ ሁሉ ስብሰባ ቁጥር ውስጥ አይገባም።

አንድ ቀን ስብሰባ እስኪጀመር አንድ አንጋፋ ፕሮፌሰር ቡናቸውን ይዘው ወደ እኔ ዞሩ። ሁሉም «ደግ ናቸው» የሚላቸው ሰው ናቸው። እሷ አጠገቤ ተቀምጣለች።

«እናንተን ኢትዮጵያውያንን የምወዳችሁ ለዚህ ነው» አሉኝ። «ቅኝ ስላልተገዛችሁ ይሆናል፣ እንደ እዚህ አገር ጥቁሮች ቅሬታ አታበዙም።»

ሙገሳ ነው እንግዲህ። አሜሪካ የቆየ አበሻ ይቺን ሙገሳ ያውቃታል። ብዙዎቻችን ደረታችንን ነፋ አድርገን እንቀበላታለን፤ አጠገባችን ያለው ሰው እየተሰደበ እንደነበር ትዝ የሚለን ቤት ከገባን በኋላ ነው።

«ቅሬታማ አቅርበን ነበር» አልኳቸው። «አድዋ ላይ፣ በ1896።» (ዓመቱን በእነሱ አቆጣጠር ነገርኳቸው፣ እንዳይቸገሩ።)

ጓደኛዬን ቡናው ትን አላት። እሳቸውም ሳቁ፣ የጥርስ ሳቅ።

የዓመቱ የሥራ ግምገማ ሲመጣ «ከባልደረቦች ጋር ያላት ተግባቦት መሻሻል አለበት» የሚል መስመር ተገኘ። በማን ፋይል? በእሷ! ትን ያላት ብቻ ናት እኮ።

ድሮ ቢሆን ወደ ብዝኃነት ቢሮ፣ የተለያየ ዘርና ፆታ ያላቸውን ለመደገፍ ወደተቋቋመው፣ እንሄድ ነበር። ቴክሳስ ግን ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ቢሮዎችን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በሕግ ከልክላለች፤ የእኛም ተዘግቷል። እውነቱን ለመናገር ብዙም አይፈይድም ነበር። ቢያንስ ግን በሩን ዘግተሽ የምታለቅሺበት ወንበር ነበረው።

ለኃላፊያችን ጻፍን። የመዝገብ ስህተት ነው ብለው ይቅርታ ጠየቁ። ወዲያው አስተካከሉት፦ መስመሩን ወደ እኔ ፋይል አዛወሩት።

አሁን ቴኑር የሚጠብቁ አበሻ እህቶቼ ምክር ሲጠይቁኝ የምለው አለኝ። የተባልሽውን ሁሉ ከነቀኑ ጻፊ። በቃል ከሆነ የዚያኑ ዕለት ኢሜይል ላኪና አረጋግጪ። ቴኑርሽን እስክታገኚ ምላስሽን ያዢ። የመጨረሻዋን የምናገራት ኮስተር ብዬ ነው።

በቀደም አንዷ ደወለች። «ፀጉርሽን ልንካው» ያሏትን ባልደረባዋን ምን ብላ እንደምትመልስላቸው ጨንቋታል። ሁለት ጥሩ ጥሩ መልስ ነገርኳት።