ውሃ እየተፋ ቱቦውን ያቃጠለው ሞተር

የጀልባ ሞተር የሚጠግን ባለሙያ ሞተሩ እንደተነሣ በመጀመሪያ የሚያየው በጭስ ማውጫው አፍ የሚተፋውን ውሃ ነው። ውሃው ከተተፋ ፓምፑ ይሠራል፣ ፓምፑ ከሠራ ደግሞ ጭሱ ቀዝቅዟል ተብሎ ይታመናል። ይህ እምነት በከፊል ብቻ ትክክል መሆኑን የተረዳሁት ባሕር ዳር ላይ የአንድ መንገደኛ አመላላሽ ድርጅት ጀልባዎችን በምጠግንበት ጊዜ ነው። ነገሩን በዝርዝር የምጽፈው ተመሳሳይ ሞተር በእጃቸው ያለ ሰዎች በእኛ የደረሰው ሳይደርስባቸው እንዲመረምሩት ስለምፈልግ ነው።

የመኪና ማርሚታ ከሥር በሚነፍሰው አየር ይቀዘቅዛል። በጀልባ ግን ሞተሩ ከወለል ሥር ታፍኖ ስለሚቀመጥ፣ በከባድ ጭነት ጊዜ ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚሞቀው የጭስ ጋዝ በደረቁ እስከ ኋላ ቢጓዝ በአጠገቡ ያለውን እንጨትና ቀለም ሁሉ ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ ፓምፑ ከሐይቁ የሚስበው ውሃ በመጀመሪያ በሙቀት መለዋወጫው በኩል አልፎ በሞተሩ ውስጥ የሚዘዋወረውን ውሃ ካቀዘቀዘ በኋላ፣ ከሲሊንደሮቹ የሚወጣውን ጭስ ከሚሰበስበው ከጭስ ማኒፎልዱ ቀጥሎ ባለው ኤልቦ (የታጠፈ የብረት ቧንቧ) ላይ ከጋዙ ጋር ይቀላቀላል። ከኤልቦው በኋላ ያለው መንገድ የጎማ ቱቦ ነው። ድብልቁ በትክክል ከተሠራ ጋዙ ወደ ቱቦው ሲገባ ከ40 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ላይ ስለሚሆን ጎማው ለዓመታት ይቆያል፤ ድብልቁ ከተበላሸ ግን ጎማው የሚቆየው ለደቂቃዎች ብቻ ሊሆን ይችላል።

ገጠመኙ የደረሰው በክረምቱ ማብቂያ ላይ ነው። ጀልባዋ ከዘጌ ተነሥታ መንገደኞችን ይዛ ወደ ባሕር ዳር ስትመለስ ከወለሉ ሥር የተቃጠለ ጎማ ሽታ መውጣት ጀመረ። ካፒቴኑ ሐይቁን ለብዙ ዓመታት የሚያውቁ ሰው በመሆናቸው ወዲያውኑ ሞተሩን አጠፉና መንገደኞቹን ወደ ጀልባዋ ፊት አሳለፉ፤ ረዳታቸውም የሞተሩን ክፍል ክዳን በጥቂቱ ገለጥ አድርጎ ነበልባል አለመኖሩን እስኪያረጋግጥ ድረስ ሙሉ በሙሉ እንዳይከፍተው ከለከሉት። ይህ ውሳኔያቸው ሊመሰገን ይገባዋል፤ ታፍኖ የሚጤስ ነገር በድንገት አየር ሲያገኝ ሊነድ ይችላልና። ቱቦው ከኤልቦው አንድ ስንዝር ያህል ርቆ በላይኛው ጎኑ ተበስቶ ነበር። ከወለሉ ሥርም ውሃ ተጠራቅሟል፤ ምክንያቱም የጭስ ቱቦ ሲበሳ ፓምፑ ከሐይቁ የሚስበውን ውሃ ወደ ውጭ መጣሉን ትቶ ወደ ጀልባዋ ሆድ መሙላት ይጀምራል። ከውሃው ጋር የሚገባው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ቀለምም ሽታም ስለሌለው መንገደኛ ሳያውቀው ሊመርዘው የሚችል ጋዝ ነው። በዚያ ቀን የጎማው ሽታ ቀድሞ ባያስጠነቅቅ ኖሮ የሚደርሰውን ማሰብ አሁንም ያስጨንቀኛል።

ጀልባዋ በሌላ ጀልባ ተጎትታ ወደ ወደቡ ከገባች በኋላ የድርጅቱ ባለቤት ጥፋቱን በቱቦው ላይ ጣሉ። ጥርጣሬያቸው መሠረት አልነበረውም ለማለት አይቻልም፤ ለራዲያተር የተሠራ ቱቦ ለጭስ ማውጫ ሲገጠም አይቻለሁ። ይህኛው ግን ለጀልባ ጭስ ማውጫ የተሠራ፣ በውስጡ የሽቦ ማጠናከሪያ ያለው ትክክለኛ ቱቦ ነበር። ካፒቴኑን ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ውሃውማ እንደ ልቡ ይተፋ ነበር፤ የሙቀት ጌጁም ከቦታው አልተነቃነቀም» አሉኝ። የነገሩኝ ሁሉ እውነት ነበር፤ ግራ ያጋባኝም ይኸው ነው።

አዲስ ቱቦ ከተገጠመ በኋላ ጀልባዋን መንገደኛ ሳንጭን በወፍራም ገመድ ከወደቡ ጋር አሰርናትና ማርሽ አስገብተን ሞተሩን በጭነት አሠራነው። ሳይነካ ከርቀት በሚለካ ቴርሞሜትር የቱቦውን ዙሪያ ስለካ ከሥር በኩል ለእጅ ለብ የሚል፣ ከ45 ዲግሪ ያልበለጠ ሙቀት አገኘሁ። ቴርሞሜትሩን በዚያው ቱቦ ላይ ወደ ላይኛው ጎን ሳዞረው ግን ንባቡ ከ100 ዲግሪ አልፎ ገና ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ሙከራውን ወዲያውኑ አቆምን። ከኋላ የሚተፋው ውሃ መጠኑም ሆነ ሙቀቱ ምንም የሚያጠራጥር ነገር አልነበረውም።

ኤልቦውን ፈትተን መሬት ላይ፣ በሞተሩ ላይ በሚቀመጥበት አቅጣጫ አስቀመጥነውና በውሃ መግቢያው በኩል ከቧንቧ ውሃ ለቀቅንበት። በውስጡ ባለው ቀለበት ዙሪያ ውሃ የሚረጩ ቀዳዳዎች አሉት። ውሃው የወጣው ከታችኞቹ ጥቂት ቀዳዳዎች ብቻ ሲሆን፣ ከላይና ከጎን ያሉት በጠነከረ ደለል፣ በዝገትና በጥላሸት ተደፍነው ነበር። የውሃው መጠን አልቀነሰም፤ ክፍት ባገኘው በኩል ሁሉ ተጠራቅሞ ይወርድ ነበር። ባለቤቱም ካፒቴኑም ቆመው ያዩት ስለነበር ከዚያ በኋላ ስለ ቱቦው ክርክር አልነበረም።

ጋዝን የሚያቀዘቅዘው በአብዛኛው የውሃው ቅዝቃዜ ይመስለናል። ነገር ግን 1 ሊትር ውሃን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ የሚያስፈልገው ሙቀት፣ ያንኑ ውሃ ከ0 እስከ 100 ዲግሪ ለማሞቅ ከሚያስፈልገው ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ በጋዙ ውስጥ በደቃቅ ጠብታ ተበትኖ የሚተን ጥቂት ውሃ፣ ከሥር በኩል በአንድ ጅረት ከሚወርድ ብዙ ውሃ ይልቅ ብዙ ሙቀት ይወስዳል። በጋለ ምጣድ ላይ ውሃ በእጅ መርጨትና በአንድ ጥግ ማፍሰስ ምን ያህል እንደሚለያዩ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። በእኛ ኤልቦ ውስጥ ውሃው ከሥር ሲሄድ ጋዙ በላዩ ተንሸራቶ ያልፍ ነበር፤ ቀስ በቀስ መቀላቀላቸው ባይቀርም ይህ የሆነው የመጀመሪያው የቱቦ ክፍል ከተቃጠለ በኋላ ነው። በዳሽቦርዱ ላይ ያለው ጌጅ ደግሞ የሚለካው በሞተሩ ውስጥ የሚዘዋወረውን ውሃ ሲሆን፣ የሐይቁ ውሃ ለሙቀት መለዋወጫው በበቂ መጠን ይደርስ ስለነበር ጌጁ ምንም ሊነግረን አይችልም ነበር።

ቀዳዳዎቹ ለምን እንደተደፈኑ መጠየቅ ነበረብን። ከሞተሩ ጋር የመጣው መመሪያ ስለ ባሕር ጨው ብዙ ይናገራል፤ ጣና ላይ ጨው የለም። በክረምት ግን ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ከእርሻው የታጠበውን አፈር ወደ ሐይቁ ይዘው ስለሚገቡ ውሃው ቡናማ ይሆናል፤ ሐይቁም ጥልቀቱ በአማካይ ከ10 ሜትር ያነሰ በመሆኑ ነፋስ ሲነሣ የወለሉ ደለል ይበጠበጣል። ይህ ደለል የፓምፑን የላስቲክ ክንፎች ከመብላቱም በላይ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ኤልቦው ሲደርቅ በቀዳዳዎቹ ላይ ይጋገራል። በናፍጣው ውስጥ ያለው ሰልፈር ከቃጠሎ በኋላ ከውሃ ጋር ሲገናኝ አሲድ ስለሚፈጥር ብረቱን እያዛገ ቀዳዳውን ያጠብባል። ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር የናፍጣ መጠኑ ለዚህ ከፍታ ካልተስተካከለ ጭሱ ይጠቁራል፣ ጋዙም መመሪያው ከሚጠብቀው በላይ ይሞቃል። የናፍጣውን ፓምፕ ያስተካከልነው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ጥቁሩ ጭስ በግልጽ ቀንሷል።

አዲሱን ኤልቦ ቶርኖ ቤት ውስጥ ከማይዝግ ብረት አሠራነው። ከቶርነሩ ጋር የተከራከርንበት ጉዳይ የቀዳዳዎቹ ስፋት ነበር። እርሱ ውሃው እንዲደቅቅ ትናንሽና ብዙ እንዲሆኑ ፈለገ፤ በንጹሕ ውሃ ቢሆን ትክክል ነበር። በጣና ውሃ ግን ትናንሽ ቀዳዳዎች ከአንድ ክረምት በላይ ይዘልቃሉ ብዬ ስላላመንኩ ሰፋ ያሉ፣ በቁጥር ያነሱ፣ ነገር ግን በዙሪያው እኩል የተከፋፈሉ እንዲሆኑ ተስማማን። የሁሉም ቀዳዳዎች ስፋት ሲደመር ከመግቢያው ቧንቧ ስፋት እንዳያንስ አድርገን አሰላነው፤ ቢያንስ ኖሮ በፓምፑ ላይ ጫና በመፍጠር የውሃውን መጠን በቀነሰው ነበር። ኤልቦውን ሳንፈታ ቀዳዳዎቹን በሽቦ መጥረግ እንድንችልም በጎኑ ላይ በብሎን የሚዘጋ መክፈቻ አስበጀንለት። ቱቦው ውሃው ወደ ሞተሩ እንዳይመለስ ወደ ኋላ ዝቅ እያለ እንዲሄድ ተደረገ። በተመሳሳይ ሁኔታ ስንለካ የላይኛውና የታችኛው ጎን ልዩነት ከጥቂት ዲግሪዎች አልበለጠም።

በመጨረሻም ከኤልቦው በኋላ በቱቦው የላይኛው ጎን ላይ በ75 ዲግሪ የሚነሣ የሙቀት መቆጣጠሪያ አስረን በካፒቴኑ መሪ አጠገብ ከሚጮኽ ደወል ጋር አገናኘነው። ከላይ መታሰሩ ዋናው ቁም ነገር ነው፤ ከሥር ቢታሰር ኖሮ በዚያ የዘጌ ጉዞ አይጮኽም ነበር። ደወሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የጮኸው ጀልባዋ ወደ ጎርጎራ ስትሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ መታየቱ የተመዘገበው እምቦጭ በሰሜኑና በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ በብዛት ስለሚገኝ ሥሩና ቅጠሉ የውሃ መሳቢያውን ዘግቶት ነበር። ካፒቴኑ ሞተሩን አጥፍተው ማጣሪያውን ሲያጸዱ የዳሽቦርዱ ጌጅ ገና ከቦታው አልተነሣም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ሳይጠፋ አንዱ ሲዘጋ በሌላው እንዲሠራ ጥንድ ማጣሪያ ገጥመናል።

ከድርጅቱ ጀልባዎች አንዷ ግን ገና አልተስተካከለችም። ሞተሯ ዝቅ ብሎ ስለተቀመጠ ኤልቦው ከሐይቁ የውሃ ልክ ጋር ሊተካከል ጥቂት ይቀረዋል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ውሃ በኤልቦው በኩል ተመልሶ ወደ ሲሊንደሮቹ እንዳይገባ የጭስ መንገዱ ከፍ ማለት አለበት፤ ለዚህ ደግሞ የወለሉን አንድ ተሸካሚ ብረት ቆርጦ በሌላ ቦታ መበየድ ያስፈልጋል። ባለቤቱ ወጪውን ከተመለከቱ በኋላ እስከሚቀጥለው ክረምት እንድንጠብቅ ጠይቀዋል፤ እኔም ሥራው እስኪጠናቀቅ ድረስ ያቺ ጀልባ መንገደኛ እንዳትጭን በጽሑፍ አሳውቄያቸዋለሁ።