ቁልቢ ገብርኤል ከማንጎ ዛፍ ላይ አወረደኝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። ወገኖቼ ስለቴን ካስገባሁ ቆይቻለሁ ግን በአፌ ሳልመሰክር መቅረቴ ሆዴን ሲበላኝ ነበር፣ ዛሬ የሆነውን ሁሉ ልንገራችሁ፣ ረዘም ቢልም ታገሱኝ።

እኛ ድሬዎች ነን። ከከተማው ወጣ ብሎ አባቴ ነፍሱን ይማረውና የተከላቸው ማንጎዎች አሉን፣ እንደ አሁኑ የተዳቀለ አጭር ማንጎ አይደለም፣ ከፍሬው የበቀለ የድሮ ዛፍ ነው፣ ግንዱ ለሁለት ሰው እቅፍ የሚከብድ፣ ቅርንጫፉ ደግሞ ሰው ከፍ ብሎ ካልወጣ የማይያዝ። ጥሩው ማንጎ ሁልጊዜ ላይ ነው ያለው። በዘንግ ስታወርደው መሬት ላይ ይፈርጣል፣ የፈረጠ ማንጎ ደግሞ ቀፊራ ገበያ ማንም አይገዛህም።

ታላቅ ወንድሜ ሚኒሶታ ነው የሚኖረው፣ እዛ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር አጋዘን አደን ይወጣል። በነሱ ጥቅምት መጨረሻና ህዳር ላይ ዛፍ ላይ ወጥተው ቁጭ ይላሉ፣ አጋዘን የሰው ሽታና እንቅስቃሴ ቶሎ ስለሚያውቅ ከላይ ሆነው ነው የሚጠብቁት። ለመውጣት ታዲያ የአሉሚኒየም መወጣጫ አላቸው፣ እያንዳንዱ ክንድ ተኩል የሚያህል ዘንግ ነው፣ ግራና ቀኝ እንደ እርካብ መርገጫ አለው፣ በቀበቶ ግንዱ ላይ ጥብቅ አርገህ ታስረዋለህ፣ ከዛ እሱ ላይ ቆመህ ቀጣዩን ከበላዩ ታስራለህ። አንዱ አንድ ኪሎ ቢሆን ነው፣ ብረት ቢሆን ወደ ሦስት እጥፍ ይከብድ ነበር፣ ግን 136 ኪሎ ሰው ይችላል ተብሎ ተጽፎበታል። ሲመጣ አራቱን በሻንጣ ይዞልኝ መጣ፣ ከነ ሃርነሱ፣ ማለት ትከሻና ጭን ላይ የሚታሰረው ቀበቶ። ዛፍ የሚወጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ቁጭ ባለበት ሳይሆን ሲወጣና ሲወርድ ነው፣ ስለዚህ ከመሬት እግርህ ሲነሳ ጀምሮ እሰረው አለኝ። በተለይ ደግሞ፣ ተንጠልጥለህ ከቀረህ እግርህን ዝም ብለህ እንዳትለቀው፣ ደሙ እግርህ ላይ ይቀርና ራስህን ትስታለህ ከዛ ትሞታለህ፣ በገመድ ቀለበት ሠርተህ እየረገጥክ ቁም ብሎኝ ነበር። እሺ እሺ አልኩት።

እኔ ግን ሃርነሱን በድሬ ሙቀት ማን ይለብሳል ብዬ ቤት ነው የማስቀምጠው። ሌላም ጥፋት አለኝ፣ መወጣጫዎቹን ከዓመት ዓመት ዛፉ ላይ ታስረው እንዲቆዩ ተውኳቸው። አሉሚኒየሙ አይዝግም፣ ምንም አይሆንም፣ ቀበቶው ግን ፀሐይ ይበላዋል፣ ያውም የድሬ ፀሐይ! ጥቁር የነበረው አመድ መስሎ ነበር፣ በእጄ ስነካው እንደ ደረቀ ሳር ሻከር ይለኝ ነበር፣ አይቼዋለሁ ግን ዝም አልኩ።

2015 ዓ.ም ግንቦት ላይ ነው፣ ዕለቱ ዓርብ። ጠዋት ስወጣ ባለቤቴ ሃርነሱን ራሷ አምጥታ ቦርሳዬ ውስጥ ከምሳዬ ስር ከታዋለች። ምንድነው ይሄ ስላት "ዛሬ ልቤ አላማረውም፣ እኔ ገብርኤልን ለምኜልሃለሁ አንተ ደግሞ ይሄን እሰር" አለችኝ። ለሷ ስል ታጠቅኩት። ይሄን ስጽፍ አሁንም ሰውነቴን ይወረኛል።

ስድስት ሰዓት አካባቢ አብረውኝ የሚለቅሙት ሠራተኞች ጁምዓ ሊሰግዱ ሄዱ። እስኪመጡ ማረፍ ነበረብኝ፣ ብቻህን አትውጣ ተብያለሁ፣ ግን በነጋታው አይሱዙ ሊጭን ስለሚመጣ ጫፍ ላይ ያሉትን ልጨርስ ብዬ ወጣሁ። የሃርነሱን ገመድ ከራሴ በላይ ግንዱ ላይ አሰርኩ፣ ዘንቢል የምጎትትበትን ገመድ ወገቤ ላይ፣ ስልኬን ታች ዘንቢሉ ውስጥ ትቼዋለሁ። አራተኛው መወጣጫ ላይ ሁለት እግሬን እንዳሳረፍኩ ጠሽ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ቀበቶው ስፌቱ ላይ ተበጠሰ፣ አሉሚኒየሙ ሦስተኛውን መትቶ አጣሞት ሄዶ ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ሰማሁት፣ እኔ ደግሞ አየር ላይ ነኝ። ከመሬት አምስት ሜትር ይሆናል፣ ከታች ደግሞ የውሃ ቦይ የተደረደረ ድንጋይ ነው ያለው።

መጀመሪያ የጮህኩት ለሰው ነው። ማንም የለም። ጭኔ ላይ ያለው ቀበቶ እየበላኝ፣ ግንዱን በጣቴ ጫፍ ብቻ ነክቼ እየተሽከረከርኩ፣ ትንሽ ቆይቶ እግሬ መደንዘዝ ጀመረ፣ ላቤ ቀዘቀዘ፣ ዓይኔ ላይ ጥቁር ጥቁር ነገር ይመጣል። ያኔ ነው ጮክ ብዬ "ቂርቆስና ኢየሉጣን ከፈላ ውሃ ያወጣህ የቁልቢው ገብርኤል፣ ለልጆቼ አውርደኝ፣ ሐምሌ 19 ጥላ ይዤ በእግሬ እመጣለሁ" ብዬ የተሳልኩት። ወገኖቼ እውነቴን ነው፣ ቃሉ ከአፌ ሳይጨርስ የወንድሜ ነገር ትዝ አለኝ፣ ያ ሙሉ ለሙሉ የረሳሁት፣ ቀለበት ሠርተህ ቁም ያለኝ። የዘንቢሉን ገመድ ስቤ ሃርነሱ ቀለበት ላይ አሰርኩት፣ ጫፉን እግሬን አስገብቼ ረገጥኩ። ደሜ ሲመለስ እንደ ጉንዳን ሲወረኝ ተሰማኝ፣ በሕይወቴ እንደዛ የሚያም ግን ደስ የሚል ነገር ተሰምቶኝ አያውቅም።

ከዛ ስልኬ ጠራ። ታች ማንጎው መሃል። ይጠራል ያቆማል፣ ይጠራል ያቆማል፣ እኔ ላይ ሆኜ እሰማዋለሁ፣ ማንሳት አልችልም። አለቀስኩ። ስንት ጊዜ እንደጠራ እንጃ ከዛ ዝም አለ። አንዱን እግር እያሳረፍኩ አንዱን እየቀየርኩ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ፣ ግማሽ ሰዓት ያልፋል፣ የመኪና ድምፅ ሰማሁ።

አይሱዙው ነው! ነገ የተባለው። ሐረር ሊጭን የነበረው ጭነት ቀርቶበት ዛሬ ልምጣ ወይ ሊለኝ ነው የደወለው፣ ስልክ ሳላነሳ ስቀር ጁምዓውን ሰግዶ ቀጥ ብሎ መጣ። ሲያየኝ "አቦ! አቦ! እንዳትንቀሳቀስ!" እያለ መኪናውን በኋላ ማርሽ ከስሬ አስገባው፣ ስፖንዳው ላይ ወጥቶ እግሬን ትከሻው ላይ አሳረፈልኝና ገመዱን ፈታሁ። ሁለታችንም የማንጎ ሳጥን ላይ ተደፋን። ጭኔ ከመጥቆሩ በስተቀር አንድ ጭረት የለብኝም።

ሐምሌ 18 ማታ የደንገጎን ዳገት ከሕዝቡ ጋር በእግሬ ወጣሁት፣ ጉምና ካፊያ ነበር፣ ቁልቢ ሲደርስ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ግን ራስ መኮንን ከአድዋ ድል በኋላ ያሠሩትን ቤተ ክርስቲያን ሲነጋ ሳየው ድካሜ ሁሉ ጠፋ። ጥላዬን አስገባሁ። ባለቤቴና ልጆቼ በአይሱዙው ነው የመጡት፣ ሹፌሩ ካልወሰድኳቸው ብሎ፣ አንድ ብር አልተቀበለም። ልንመለስ ስንል ወደ ጎን ጠራኝና ከኪሱ የታጠፈ መቶ ብር አወጣ። "ይሄን ግባና አስገባልኝ አቦ፣ ያን ቀን ስልክህ ጠርቶ ጠርቶ ዝም ሲል፣ በሰላም ካገኘሁት ብዬ እኔም ለገብርኤል ተስዬ ነበር" አለኝ።