ረዳታችሁን ልብስ ከማልበሳችሁ በፊት

መልኩን እንደ ተጠቃሚው ሁኔታ የሚቀያይር የስልክ ላይ ዲጂታል ረዳት ልትሠሩ ካሰባችሁ፣ ለእኔ ማንም ያልነገረኝን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። መልኩ የሚለወጠው ሰውየው ያለበትን ሁኔታ እያየ ይሁን፤ ሰውየው ማን እንደሆነ እየገመተ አይሁን። ይህን በስብሰባ ላይ ደጋግሜ ተናግሬአለሁ። ሰሚ ያገኘሁት ግን ገንዘቡ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው።

ሥራው በጅማ ዙሪያ ላሉ ቡና አምራቾች ነበር። ረዳቱ ስለ ለቀማ፣ ስለ ማድረቅና ስለ በሽታ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይመልሳል። መልሶቹን ከግብርና ባለሙያዎች ጋር አዘጋጀን፣ ድምፅ ቀዳን፣ ርካሽ ስልክ እንዳይከብደው ስዕሉን በመስመር ብቻ ሠራን። ይህ ሁሉ ያለ ችግር አለፈ።

ብርሃኑ ትንሽ አስቸገረን። ስልኩ ባለው የብርሃን መለኪያ ተጠቅሜ፣ ፀሐይ ላይ ሲሆን ነጭ መደብ ላይ ወፍራም ጥቁር መስመር፣ ማታ ቤት ውስጥ ሲሆን ደግሞ ጠቆር ያለ ገጽ እንዲወጣ አደረግሁ። ቢሮ ውስጥ ሲሞከር ያምር ነበር። የጅማ ቡና ግን የሚበቅለው በዋንዛና በሳሳ ጥላ ሥር ነው። ነፋስ ቅጠሉን ባወዛወዘ ቁጥር ጨረሩ ስልኩ ላይ ይወርዳል፣ ይጠፋል፤ ረዳቱም አንዴ ነጭ አንዴ ጥቁር እየሆነ ዓይን ያጥበረብራል። ብርሃኑ ለጥቂት ሰከንዶች ካልጸና ገጹ እንዳይለወጥ፣ ወደ ብሩህ የሚሻገርበትና ወደ ጨለማ የሚመለስበት ልክም እንዲለያይ አደረግሁ። ዓረፍተ ነገር ሳያልቅ መለወጥንም ከለከልሁ። በዚህ ተፈታ።

ያልተፈታው ሥራውን የሚከታተለው ኮሚቴ ነው። ገንዘቡን የሰጠው መሥሪያ ቤት መመሪያ ነበረው፤ ተጠቃሚው ረዳቱን እንደ ወገኑ እንዲያየው ይላል። ኮሚቴው ይህን ተርጉሞ ያመጣልኝ የልብስ ዝርዝር ነበር። የስልክ መስመሩ የተመዘገበበት ስም የሙስሊም ከሆነ ሂጃብ የለበሰች ሴት፣ የክርስቲያን ከሆነ ነጠላ የለበሰች፣ ባለ መስመሩ ወጣት ከሆነ ጂንስና ኮፍያ ያደረገ ልጅ፣ ለመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ ሙሉ ልብስ ከክራባት ጋር። በገጠር አንድ ስልክ ለመላው ቤተሰብ እንደሚያገለግል፣ መስመሩም ብዙ ጊዜ በሌላ ሰው ስም እንደሚሆን አስረዳሁ። ሰብሳቢው ጥናት እንዳለ ነገሩኝና ገጽ ገለበጡ። ጥናቱን እስከ ዛሬ አላየሁትም። የቀረው ከሰዓት በኋላ ክራባቱ ቀይ ይሁን ወይስ ሰማያዊ በሚለው አለቀ። «ክራባት ከሌለው ማን ያምነዋል?» ያሉ ሰውም ነበሩ፤ እሳቸው ራሳቸው ሹራብ ነበር የለበሱት።

ሙከራው የተደረገው በጅማ ዞን ጎማ ወረዳ ነው። አንዲት እናት ማድረቂያ አልጋ ላይ ቀይ እሸት ያገላብጣሉ። እጃቸው ስለተጣበቀ ስልኩን የነኩት በጣታቸው ጀርባ ነው። መስመሩ አዲስ አበባ በሚሠራው ልጃቸው ስም ነበርና ባለ ኮፍያው ጎረምሳ ብቅ ብሎ በአፋን ኦሮሞ ወንድሜ ሲል ሰላምታ አቀረበላቸው። እናትየው ከኋላቸው ሰው የቆመ መስሏቸው ዞሩ። ትንሽ ቆይቶ ሴት ልጃቸው ስልኩን ተቀብላ አማርኛ ስትመርጥ፣ ረዳቱ ከቋንቋው ገምቶ ጎረምሳው ጠፋና ባለ ነጠላዋ መጣች። «ያኛው ልጅ የት ሄደ? የጠየቅሁትን እኮ አልመለሰልኝም» አሉ እናትየው። ምን ብዬ ልመልስ?

የባሰው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ሽማግሌ ረዳቷን አይተው፣ ሃይማኖታቸውን ማን እንደነገራት ጠየቁኝ። በቁጣ አልነበረም፤ ስልኩን ግን አጥፍተው ኪሳቸው ከተቱት፤ ከዚያ በኋላ ስለ ቡናም አላወሩኝ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ሃይማኖትን ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች ይመድበዋል። ኮሚቴው አዋጁን ከእኔ በተሻለ ማወቅ ነበረበት። ሪፖርታቸው ያለው ግን ኅብረተሰቡ የግንዛቤ ክፍተት ስላለበት ሥልጠና ይሰጠው ነው! ሽማግሌው የገባቸው ነገር ኮሚቴው ውስጥ ለማንም አልገባም።

ማይክሮሶፍት በኦፊስ 97 ፕሮግራሙ ያመጣትን፣ ስክሪን ላይ ብቅ እያለች የምትረዳ ባለ ዓይን የወረቀት መያዣ የምታስታውሱ ካላችሁ፣ ብዙ ሰው ይበልጥ የጠላው መልኳን አልነበረም፤ ሳትጠየቅ ደብዳቤ ልትጽፉ ነው እያለች መገመቷን ነው። በ2007ቱ ኦፊስ ጨርሳ ተወገደች። ይህን ለኮሚቴው ብጠቅስ የውጭ አገር ነገር ነው ተባልሁ።

በመጨረሻ ልብሱን ሁሉ አወጣሁት። አሁን ያለው ክብ ፊት፣ ሁለት ዓይን ከነቅንድባቸው፣ አፍና ዙሪያውን የማይለወጥ አረንጓዴ ቀለበት ነው። ፆታ የለውም፤ ለሁሉም እርስዎ ይላል። ሌላው ቢለወጥም ቀለበቱ ስላለ ሰው ያው ረዳት መሆኑን ያውቃል። በተቻለ መጠን ሰው አስመስሉት የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ሰው በመሰለ ቁጥር የማን ወገን ነው የሚል ጥያቄ ያመጣል።

ከሁሉ የምኮራው በአፉ ነው። ያልበሰለው ፍሬ ላይ ጥቁርና ጎድጎድ ያለ ነጠብጣብ አየሁ ለሚል ገበሬ፣ የቡና ፍሬ በሽታ ሊሆን እንደሚችል ፈገግ ብሎ መንገር ነውር ነው። ይህ በሽታ በአገራችን ከታየ ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስንቱን ምርት እንዳራገፈ ገበሬው ያውቃል። ስለዚህ ወሬው በሽታ ወይም የዋጋ መውደቅ ሲሆን አፉ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል፣ ቅንድቡም አይንቀሳቀስም። ኔትወርክ ሲደክም ፊቱ ቀርቶ ቀለበቱና ድምፁ ብቻ ይቀራሉ። እጅ እርጥብ በሚሆንበት የማጠቢያ ጣቢያ ደግሞ ተጠቃሚው አንዴ ሲመርጥ ቁልፎቹ ግማሽ ስክሪን ያህል ይሰፋሉ።

ገንዘብ የሚሰጣችሁ አካል መልክ እንዲመርጥ አትፍቀዱ፤ ከፈቀዳችሁም የሚመርጠው ማድረቂያ አልጋው ዘንድ ቆሞ ይሁን። ኮሚቴው ሥራው ወደ ሌላ ወረዳ ሲሰፋ ክራባቱን መልሰን እንድናየው ባለፈው ወር ደብዳቤ ልኮልኛል፣ ማኅተም ያለበት። እስካሁን አልመለስሁም።