ሁለቱ ሄንሪኮች

በስም ዝርዝር ላይ «ተደጋግሟል» ተብሎ ሊሰረዝ የተዘጋጀ ረድፍ ሳይ እጄን የምሰበስበው ከዚህ ሥራ በኋላ ነው። ምዕራብ ካናዳ ውስጥ በአንድ የቤተሰብ ታሪክ መዛግብት ክፍል መረጃ አጣሪ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። የሥራ ድርሻዬ በንጉሣዊቷ ሩሲያ ግዛት የሰፈሩ ሜኖናይቶች (ጦር መሣሪያ የማያነሱ ፕሮቴስታንት ክርስቲያኖች) የተመዘገቡባቸውን የቆጠራ ሰነዶች ኮምፒውተር ላይ ካለው የስም ማውጫ ጋር ማመሳከር ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች ነው።)

አገር ቤት ሜኖናይት ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ለመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን መነሻ የሆኑትና ናዝሬት ላይ በሆስፒታል ያገለገሉት ሚስዮናውያን ናቸው። እነሱ ከአሜሪካ የመጡ ናቸው። የእኔ መዝገብ የሌላው ቅርንጫፍ ነው፤ መነሻቸው ዳንዚግ (ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ያለችው ግዳንስክ) አካባቢ፣ የቪስቱላ ወንዝ ዳርቻ። የሩሲያ ንግሥት ዳግማዊት ካትሪን በ1763 ባወጣችው አዋጅ የውጭ አገር ሰዎች እየመጡ እንዲሰፍሩ ጋበዘች። ሜኖናይቶቹም በ1789 ድኒፐር ወንዝ ዳር ኮርቲትሳን፣ ከ1804 ጀምሮ ደግሞ ሞሎችናን ቆረቆሩ። ሜዳው ባዶ ነበር እየተባለ ሲጻፍ አይቻለሁ፤ ሞሎችና ላይ ግን ኖጋይ የሚባሉ ከብት አርቢዎች ከብቶቻቸውን ያሰማሩ እንደነበር መዘንጋት የለበትም። ለአንድ ቤተሰብ 65 ደሲያቲን፣ ማለትም 71 ሄክታር ያህል መሬት ተሰጠ። በ1800 ደግሞ ንጉሥ ቀዳማዊ ጳውሎስ ከውትድርና ነፃ የሚያደርጋቸውን የመብት ደብዳቤ ፈረመላቸው።

እንዲህ ያለ መብት ባለበት ወረቀት ይበዛል። ማን ከመብቱ ተጠቃሚ ነው፣ ማን አይደለም፣ የማን ልጅ ለአቅመ አዳም ደረሰ፣ ማን ወደ የትኛው መንደር ተዛወረ፤ ሁሉም ይጻፋል። የጀርመን፣ የቡልጋሪያና የሌሎችም ሰፋሪዎች ጉዳይ የሚታይበት ኮሚቴ ኦዴሳ ተቀምጦ እስከ 1871 ድረስ ሲጽፍና ሲጻፍለት ኖረ። በሩሲያ አብዮት ዘመን ፒተር ብራውን የተባለ፣ በሞሎችና የሃልብሽታት መንደር መምህር የሞሎችናን ሰነዶች ከያሉበት ማሰባሰብ ያዘ። በ1929 የሶቪየት ባለሥልጣናት ስብስቡን ወረሱት። ጠፋ ሲባል የኖረው ይህ ስብስብ በ1990 ኦዴሳ መዝገብ ቤት ውስጥ ተገኘና በማይክሮፊልም ተቀዳ። አንድ መምህር በዚያ ክፉ ዘመን ያጠራቀመው ወረቀት ከእሱ ዕድሜ አልፎ ለልጅ ልጆች መድረሱን ሳስብ ዛሬም ልቤ ይነካል።

ወደ ገጠመኙ ልግባ። የ1835 ቆጠራ አንድ ገጽ ብትከፍቱ በግራ ወንዶች፣ በቀኝ ሴቶች ተጽፈዋል። የቤት ቁጥር ይቀድማል። ከዚያ የአባወራው ስም፣ ቀጥሎ የወንዶች ልጆቹ። ከእያንዳንዱ ወንድ ስም ጎን ሦስት ነገር አለ፦ ባለፈው ቆጠራ፣ ማለትም በ1816፣ ስንት ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሞቶ ወይም ሄዶ ከሆነ መቼ፤ በሕይወት ካለ አሁን ዕድሜው ስንት ነው። የልደት ቀን የለም፤ ዕድሜ ብቻ ነው። ዕድሜውም እንደ ነጋሪውና እንደ ጸሐፊው ይለዋወጣል።

እኔ ከመቀጠሬ ትንሽ ቀደም ብሎ ክፍሉ ማውጫውን «ለማጽዳት» ወስኖ አንድ ባለሙያ ቀጥሮ ነበር። ዕድሜ አያስተማምንም ተብሎ ከመመዘኛው ወጣ፤ ስም፣ የአባት ስም፣ መንደርና የቤት ቁጥር ከተመሳሰለ ሁለቱ ረድፎች አንድ ሰው ናቸው ተባለና ኮምፒውተሩ አዋሃዳቸው። በሺዎች የሚቆጠር ረድፍ ቀነሰ፤ ሁሉም ደስ አለው።

አንድ ቀን የቤተሰባቸውን የዘር ሐረግ ሊያወጡ ከሩቅ የመጡ አዛውንት ያተምንላቸውን ወረቀት ይዘው ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። ስሙን ልቀይረውና ሄንሪክ እንበለው። ወረቀቱ ሄንሪክ በ1812 ተወለደ፣ በ1821 ሞተ፣ በ1845 አገባ፣ ልጆችም ወለደ ይላል። ሰውዬው አልተቆጡም። «የእኔ ቅድመ አያት ይሄ ነው ብለውኛል፤ በዘጠኝ ዓመቱ ከሞተ እኔ ከማን መጣሁ?» ብቻ ነው ያሉኝ።

ማይክሮፊልሙን አወጣሁ። ገጹ ላይ ያለው እንዲህ ነው፦ ሄንሪክ፣ ባለፈው ቆጠራ 4 ዓመቱ፣ በ1821 ሞተ። ከሥሩ ሌላ ሄንሪክ፣ ከቆጠራው በኋላ የተወለደ፣ አሁን 12። ሁለት ወንድማማቾች። ወላጆቹ አንዱን ቀብረው ቀጥሎ ለተወለደው ያንኑ ስም ሰጡት። ይህ ሜኖናይቶች ዘንድ የተለመደ ነበር። እኛ ልጅ ሞቶ ሌላ ሲተካ ምትኩ ወይም ካሳ ብለን እናወጣለን፤ እነሱ የሞተውን ስም ራሱን ይደግሙታል። ሐዘኑ አንድ ነው፤ ለመዝገብ ሠራተኛ ግን የእነሱ ከባድ ነው፣ ምክንያቱም በስም ብቻ ሟቹንና ተተኪውን መለየት አይቻልም።

ጉዳዩን ለኃላፊዬ ነገርኩት። መጀመሪያ «አንድ ስህተት ነው፣ አስተካክለውና እለፍ» አለኝ። አላለፍኩም። ጀርመንኛውን የእጅ ጽሕፈት እንደ ወንጌል የሚያነቡ አንዲት በጎ ፈቃደኛ እናት ነበሩ፤ ራሳቸው የሞሎችና ሰዎች የልጅ ልጅ ናቸው። ከእሳቸው ጋር የአንድ መንደር ገጾችን ብቻ ከፊልሙ ጋር አመሳከርን። ገጽ በተገለጠ ቁጥር የሞተ ልጅ ከታናሹ ጋር ተዋህዶ እናገኛለን። አንድ ቦታ ላይ አንድ ስም ሦስት ጊዜ ተሰጥቶ የቀረው የመጨረሻው ብቻ ነበር። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አውልቀው «እነዚህን ልጆች እናቶቻቸው ቆጥረዋቸዋል፣ የሩሲያ ንጉሥ ጸሐፊም ቆጥሯቸዋል፤ እኛ ነን ያጠፋናቸው» አሉ። ለኃላፊዬ የወሰድኩለት ይህንኑ ነው፤ ጨመርኩበትም፦ አንድ ተመራማሪ በዚህ ማውጫ ተማምኖ በሞሎችና ስንት ሕፃን ይሞት እንደነበር ቢያሰላ ውጤቱ ከመነሻው ውሸት ይሆናል። ያን ጊዜ ገባው። ከማዋሃዱ በፊት የተቀመጠው ቅጂ ባይኖር ኖሮ ምን እንደምናደርግ አላውቅም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ «ምንም አታዋህዱ» ማለት ይበቃ ነበር። ግን የተገላቢጦሹም አለ። ያው ማጽጃ አንድ ሰው ሆነው ሳለ እንደ ሁለት የተዋቸው ነበሩ። አንዲት ሴት በአንድ የቤተሰብ መጽሐፍ መጋቢት 3፣ 1806፣ በሌላው መጋቢት 15፣ 1806 ተወለደች ይላል። ወላጆች፣ መንደር፣ ባል ሁሉም አንድ ናቸው። ባልደረቦቼ አንደኛው ጸሐፊ ተሳስቷል ብለው ይከራከሩ ነበር። እኔ ግን በሁለት አቆጣጠር ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ሁለት ቀን ጎን ለጎን ሲጻፍ መጀመሪያ የማየው ልዩነቱን ነው። ሩሲያ እስከ 1918 በዩልዮስ አቆጣጠር ትሠራ ነበር። ከቪስቱላ ዳር የመጡት ደግሞ የለመዱት የጎርጎርዮሱን ነው። ልዩነቱ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን 11 ቀን፣ ከ1800 ወዲህ 12፣ ከ1900 ወዲህ 13 ነው። የእኛ ገና በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 7 የሚውለው በዚሁ 13 ቀን ነው፤ በዩልዮስ ዲሴምበር 25 ነውና። ሴትዮዋ አንድ ናት፤ ሁለቱም ጸሐፊዎች ትክክል ናቸው።

ከዚያ ወዲህ አሠራራችን ተቀየረ። ኮምፒውተሩ «ይመሳሰላሉ» ብሎ ምልክት ያደርጋል እንጂ አያዋህድም። ልዩነቱ 11፣ 12 ወይም 13 ቀን ከሆነ አቆጣጠሩ መጀመሪያ ይመረመራል። ስሙ አንድ ሆኖ ዕድሜው ከተራራቀ ሰው ገጹን ከፍቶ «ሞተ» የሚለውን ዓምድ ያያል፤ ያየው ሰው ስሙን ያስቀምጣል። ረድፍ መሰረዝ ቀርቶ ረድፍን ከረድፍ ማያያዝ ሆነ፤ የመጀመሪያው ሄንሪክ አሁን የራሱ ረድፍ አለው፣ ከታናሹም ጋር «ወንድም» ተብሎ ተያይዟል። ለአዛውንቱ አዲሱን ወረቀት ከገጹ ፎቶ ጋር በፖስታ ላክንላቸው። ሁለቱንም ስሞች በቤተሰቡ መጽሐፍ ላይ እንደጻፏቸው ደውለው ነገሩኝ።

የሴቶቹ ጉዳይ ግን ገና ነው። የ1811 ቆጠራ ወንዶችን ብቻ ነው የመዘገበው። በ1816 ሴቶች ቢመለሱም በቀኙ ገጽ ላይ ያለፈው ቆጠራ ዕድሜ የሚል ዓምድ የላቸውም፤ ስለዚህ ወንድሟ ሲሞት ዓመተ ምሕረቱ ተጽፎለት፣ እሷ ስትሞት ከዝርዝሩ መውጣቷ ብቻ ይታያል። በሁለት ቆጠራ መካከል ተወልዶ የሞተ ሕፃንማ ወንድ ይሁን ሴት እዚያ የለም። እነዚህን ከቤተ ክርስቲያንና ከቤተሰብ መጻሕፍት እየለቀምን ነው፤ ከኮርቲትሳ መንደሮች ጀምረናል፣ ከባለመነጽሯ በጎ ፈቃደኛ እናት ጋር።