ከመኪናዋ ሥር ያለው ካርቶን

ዛሬም ጠዋት ከመኪናዋ ሥር ያነጠፍኩትን ካርቶን ጎትቼ አየሁት። ደረቅ ነው። ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ ይህን ካርቶን ሳላይ ቁርስ አልቀምስም። ቤተሰቡ ይስቅብኛል።

ኮሮላዬ በዕድሜ ከእኔ ሁለት ዓመት ትበልጣለች። ዘይት ማንጠባጠብ የጀመረችው አምና ክረምት ነው። የጅማ ዝናብ ደግሞ ገመና ይሸፍናል፤ ግቢው ሁሌ እርጥብ ስለሆነ እኔ ልብ አላልኩትም። የነገረችኝ ጎረቤቴ ናት። "ውሃው ላይ ቀስተ ደመና ተኝቷል፤ ያንተ መኪና ሳትሆን አትቀርም" አለችኝ። ቡናዋን የምታሰጣው እዚያው አጠገብ ነውና አፈርኩ።

ጋራዥ ወሰድኳት። የኋላው ኦይል ሲል ነው ተባልኩ፤ የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ክራንክሻፍቱ፣ ከሞተሩ ወጥቶ ጉልበቱን ለማርሹ ወደሚያቀብለው ፍሪሲዮን በሚያልፍበት በኩል ያለው፣ ዘይት የሚያግድ የጎማ ቀለበት። ዕቃው ርካሽ ነው፤ ኪስ የሚያራቁተው ለእሱ ሲባል ካምቢዮ፣ የማርሹ ሳጥን፣ መውረዱ ነው። ተቀየረ። ሁለት ወር ሳይሞላ መንጠባጠቡ ተመለሰ። "ፎርጅድ ዕቃ ነበር" ተባለና ካምቢዮው እንደገና ወረደ፣ እኔም እንደገና ከፈልኩ። ኅዳር ላይ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ፣ ጊቤን ተሻግሬ ወደ ወልቂጤ ያለውን ዳገት ስጀምር ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን አትጎትትም። ዘይቱ የፍሪሲዮኑን ዲስክ አርሶት ኖሯል። እንደምንም ተመለስኩ።

ሰው የጠቆመኝ ሽማግሌ መካኒክ ከመኪናዋ ሥር እንኳ አልገባም። ሞተሩን አስነሳኝና የዘይት መሙያውን ክዳን ከፈተ። ጭስ ቡፍ ብሎ ወጣ። መዳፉን የመሙያው አፍ ላይ ሲያደርግ ጭሱ ወደ ላይ ገፋው። "ይቺ ትንፋሽ አጥሯታል" አለ። ከዚያ አውራ ጣት የምታክል የሞተር መተንፈሻ ቫልቭ ነቅሎ ጆሮዬ ላይ ነቀነቃት።

"ምን ትሰማለህ?"

"ምንም፣ ጋሼ።"

"መንኳኳት ነበረባት። የጀበና አፍ ጥርቅም አድርገህ ደፍነህ እሳት ላይ ብትተወው በየት ይወጣል? ደካማውን ይፈልጋል።"

ቫልቯ በጥቁር ዝቃጭ ተደፍናለች። ከሲሊንደሩ አምልጦ ወደ ታች የሚወርደው ጋዝ መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በሲሉ በኩል ይገፋው ነበር። እኔ የምቀይረው በሽተኛውን ሳይሆን የላቡን መጥረጊያ ነበር ማለት ነው። ዝቃጩ ከየት መጣ ቢባል ደግሞ ከእኔው ነው። ዘይት በጊዜው አልቀይርም ነበር፤ የጎደለውን እየጨመርኩ "እሷ ራሷን ትቀይራለች" እያልኩ እቀልድ ነበር።

ካምቢዮው ለሦስተኛ ጊዜ ሲወርድ ቆሜ አየሁ። ሽማግሌው ጥፍሩን ክራንክሻፍቱ ላይ አስኬደና ጥፍሬን ይዞ አስኬደኝ፤ አሮጌው ሲል ለዓመታት የቆፈረው ቀጭን መስመር ይሰማል። አዲሱን እዚያው መስመር ላይ ቢያሳርፈው ነገ ያፈሳል፤ ስለዚህ ፈንጠር አድርጎ፣ የሲሉን ከንፈር በንጹሕ ዘይት ቀብቶ፣ በእንጨት ዙሪያውን እኩል እየነካካ አስገባው። ያለፉት ሁለቱ በመዶሻ ነበር የገቡት። በደረቁ። እያየሁ ነበር፣ ምንም አላልኩም።

አዲስ ቫልቭ ገዛሁ። አሮጌዋን ግን አልጣልኳትም፤ ማታ በቤንዚን ዘፍዝፌ አጠብኳትና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኳት። አሁን ስነቀንቃት ትንኳኳለች።