አንበሳው ሲርበው

የልጆች አኒሜሽን ሁሉ ስለ ጓደኝነት ነው ይባላል። ይባል እንጂ አብዛኞቹ ስለ ጓደኝነት የሚሉት ነገር የላቸውም። ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ ይዘፍናሉ፣ አለቀ። የእህቴ ልጅ እኛ ቤት የምትውል ቀን ሪሞቱ የሷ ነው። አንዱን ፊልም እየደጋገመች ታየዋለች፣ እኔም ሽንኩርት እየላጥኩ ወይ ልብስ እያጣጠፍኩ አብሬያት አያለሁ። ሳይ ሳይ አንድ ነገር ታዘብኩ። እነዚያ የማይሰለቹት የእንስሳት ኮሜዲዎች ከቀልዱ ሥር አንድ የማያስቅ ጥያቄ ይዘዋል፤ ጓደኛህ የራበው ቀን ምን ይውጥሃል?

በፈረንጆቹ 2005 የወጣውን ማዳጋስካርን ውሰዱ። አሌክስ አንበሳ ነው፣ ማርቲ የሜዳ አህያ። ኒውዮርክ፣ ሴንትራል ፓርክ ካለው የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ከቀጭኔው ከሜልማንና ከጉማሬዋ ከግሎሪያ ጋር ይኖራሉ። የልብ ጓደኛሞች ናቸው። ለምን አይሆኑም? ለአሌክስ በየቀኑ ሥጋው ተቆርጦ ይቀርብለታል፣ ከየት እንደመጣ ጠይቆም አያውቅም። የጠገበ አንበሳ ከማንም ጋር ይግባባል።

ከዚያ ማርቲ አሥር ዓመት ይሞላዋል። ዕድሜዬ ተጋመሰ፣ እስካሁን ጥቁር ሆኜ ነጭ መስመር ይኑረኝ ወይ ነጭ ሆኜ ጥቁር መስመር ይኑረኝ እንኳ አላውቅም እያለ ይብሰለሰላል፣ ጫካ ልይ ብሎ ይጠፋል፣ ሌሎቹም ሊመልሱት ተከትለውት ይወጣሉ፣ ይያዛሉ፣ ወደ ኬንያ በመርከብ ሲላኩ ሳጥናቸው ባሕር ውስጥ ይወድቅና ማዳጋስካር ዳርቻ ላይ ይገኛሉ። መጀመሪያ የሚመጣው ተራ ኩርፊያ ነው። አሌክስ አሸዋው ላይ መስመር ያሰምራል፤ ወዲህ የኔ፣ ወዲያ ያንተ። እሱ መርከብ አይቶ እንዲያድነው የነፃነት ሐውልትን የመሰለ ማማ በእንጨት ያቆማል፣ ማርቲ ደግሞ ማዶ ጎጆ ቀልሶ ዓለሙን ይቀጫል። ሜልማን ማማውን ሳያስበው ያቃጥለዋል። ይሄ ሁሉ ያልፋል። እኛም እንዲህ ተኮራርፈን እናውቃለን፣ በሁለተኛው ቀን ቡና ላይ ይረሳል።

የማያልፈው ረሃቡ ነው። አንድ ሌሊት አሌክስ በሕልሙ ሥጋ ከሰማይ ይዘንብለታል። ሲባንን የማርቲን ጀርባ እየላሰ ነው። ምን እያደረግክ ነው ሲባል ምን ይበል? መስመርህን እየቆጠርኩ ነው አለ። ጥቁሩ 30፣ ነጩ 29፣ በቃ አንተ ጥቁር ነህ! የእህቴ ልጅ እዚህ ጋ በሳቅ ትፈርሳለች። እኔም እስቃለሁ፣ ግን ይቺ ትዕይንት ከሙሉ ፊልሙ የበለጠች ትመስለኛለች። ማርቲ ዕድሜውን ሙሉ ሲጨነቅበት ለኖረው ጥያቄ መልስ ያገኘው ጓደኛው ሊበላው ሲል እጅ ከፍንጅ በተያዘበት ሰዓት ነው። መልሱም ከድንጋጤ የመጣ ውሸት ነው። ማርቲ ግን አመነው፣ ደስ ብሎት ተኛ።

ብዙም ሳይቆይ አሌክስ በጨዋታ መሃል ማርቲን መቀመጫው ላይ ይነክሰዋል። ጓደኞቹን ባየ ቁጥር የሚታየው ሥጋ ነው። ታዲያ ምን ያደርጋል? ይሄዳል። ፎሳ የሚባሉት የደሴቲቱ አዳኞች ወዳሉበት ወገን ሄዶ በሾለ እንጨት ራሱን ያጥራል። ከናንተ ልራቅ፣ አደጋ ነኝ ማለቱ ነው።

ይሄን ሳይ ሁሌ ትዝ የሚለኝ ሰው አለ። ከጓደኞቻችን አንዱ ከሥራ ወጥቶ ለወራት ጠፋ። ማኪያቶ እንጠጣ ሲባል ቢዚ ነኝ። ልደት ሲጠራ ቢዚ ነኝ። ሥራ የሌለው ሰው ምን ቢዚ ያደርገዋል ብለው አንዳንዶቹ ተቀየሙት። ነገሩ ግን ቀላል ነበር። ዛሬ ከተጋበዘ ነገ ተራው ይደርሳል፣ ተራው ሲደርስ ደግሞ ኪሱ ባዶ ነው። ከመሃላችን አንዷ፣ እንደውም በጣም የማይቀራረቡት፣ ሳትደውል ቤቱ ሄደች። በር ላይ ቆማ አልገባም ቢላት እንኳ ወደ ቤቷ እንደማትመለስ ነገረችው። ገባች። ከዚያ ወዲህ ያለውን እሱ ራሱ እየሳቀ ያወራዋል።

ማርቲም ያደረገው ይሄንኑ ነው። መርከቡ መጥቷል፣ መሄድ ይችላል፣ እሱ ግን አንበሳውን ፍለጋ ፎሳዎቹ መሃል ይገባል። እኛ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ስንል ነው ያደግነው። እዚህ አህያው ነው አንበሳውን ሊያወጣ የሄደው። እርግጥ ይከበባል፣ ሌሎቹም ሊያድኑት መጥተው አብረው ይከበባሉ፣ በመጨረሻ የሚያስጥላቸው ራሱ አሌክስ ነው። ግን መጀመሪያ የሄደለት ባይኖር አይወጣም ነበር።

ከዚያ ፊልሙ ትንሽ ያጭበረብራል። ከማቆያው አብረዋቸው በመርከቡ የተላኩት ፔንግዊኖች ለአሌክስ ሱሺ ያበሉታል፣ ይወደዋል፣ ችግሩ ተፈታ! የእህቴ ልጅ አንድ ቀን ዞር ብላ "ዓሦቹስ ምን አጠፉ?" አለችኝ። ምን ልበላት? ያውም ከማዳጋስካር ሁለት ዓመት ቀድሞ በወጣው ፋይንዲንግ ኒሞ ላይ ዓሣ ጓደኛ እንጂ ምግብ አይደለም ብለው የሚምሉ ሻርኮች አይታ። እዚያም ጥያቄው ያው ነው። ብሩስ የሚባለው ትልቁ ሻርክ ከባልንጀሮቹ ጋር ስብሰባ ተቀምጦ ይምላል። ከልቡ ነው የሚምለው። የዶሪ አፍንጫ ትንሽ ሲደማ ግን ደሙ ይሸተውና መሐላው ብን ይላል። የሚገርመኝ ባልንጀሮቹ ናቸው። እነሱም ሻርኮች ናቸው፣ እነሱንም ይርባቸዋል፣ ግን ተረባርበው ሊይዙት ይሞክራሉ።

አሁን ይሄን ከኛ ተረቶች ጋር አስተያዩት። ያቺን የታወቀችዋን ተረት ታውቋታላችሁ። ዝናብ ጠፋ፣ ረሃብ ገባ። አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ተሰብስበው ማን ኃጢአት ቢሠራ ነው ይሄ የመጣብን አሉ። አንበሳው በሬ በላሁ አለ፣ ምን ኃጢአት አለው ተባለ። ነብሩም ፍየል በላሁ አለ፣ ጅቡም የራሱን ተናዘዘ፣ ምን አለው ተባሉ። አህያዋ ግን ጌታዬ መንገድ ላይ ቆሞ ሲያወራ ትንሽ ሣር ግጫለሁ አለች። አገኘናት፣ ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ ብለው በሏት። እነ አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩን ባደግንበት ዘመን የእንስሳ ተረት ማለት ባብዛኛው እንዲህ ነበር፤ ብልጥ ያመልጣል፣ የዋህ ይበላል። ጅብ ጅብ ነው፣ አይለወጥም፣ አንተ ንቃ።

ለእህቴ ልጅ ነገርኳት። አኮረፈች። "ጓደኛ የላትም እንዴ?" አለች። እህቴ ደግሞ ማታ ደውላ "አንቺ፣ ልጄን ምን ነግረሻት ነው ሰው ሁሉ ይበላኛል የምትለው" ብላ ተቆጣችኝ። እኔ እንደሆነ የአህያዋን ተረት አልተውም። ልጅ ዓለም ላይ እንዲህ ዓይነት ስብሰባ እንዳለ ቢያውቅ ምን ይጎዳዋል? ተረቱ ብቻውን ከሆነ ግን ከበድ ይላል፣ እሱን አምኛለሁ።

ለዚህ ነው አይስ ኤጅን የምወደው፣ የ2002ቱን፣ የመጀመሪያውን። ዲዬጎ፣ ጥርሰ ረጅሙ ነብር፣ የተላከ ሰላይ ነው። ማኒ የሚባለውን ማሞዝ፣ ያንን የጥንት ፀጉራም ዝሆን፣ እና ያንን ለፍላፊ ሲድን መንገድ ላሳያችሁ ብሎ ወደ ወጥመድ ይወስዳቸዋል፣ የያዙትን የሰው ሕፃን ለአለቃው ለማስረከብ። መንገድ ላይ እሳተ ገሞራ ውስጥ ሊወድቅ ሲል ማኒ ይታደገዋል። ለምን አዳንከኝ ይላል፣ መንጋ ማለት እንዲህ ነው ይባላል። ያው፣ ይሄ የሚጠበቅ ነው። የማይጠበቀው ዋሻው ነው። ግድግዳው ላይ አዳኞች ማሞዞችን ሲገድሉ ተሥሏል፤ እናት፣ አባትና ግልገል። ማኒ ፊት ለፊቱ ቆሞ የራሱን ታሪክ ያያል። ሚስቱንና ልጁን የገደሉበት ሰዎች ናቸው። ያን ጊዜ ሕፃኑ፣ የነዚያው የሰዎቹ ዘር፣ እጁን ዘርግቶ ሥዕሉን ይነካል። ማኒም ሕፃኑን ይዞ መንገዱን ይቀጥላል። ስለ ይቅርታ ንግግር የሚያደርግ የለም። ዲዬጎ ከዳር ቆሞ ይሄን ሁሉ ያያል፣ የሚለወጠውም ከዚህ ጀምሮ ይመስለኛል። በኋላ ራሱ ሲናዘዝ ማንም አያቅፈውም፤ ማኒ ከአለት ጋር ነው የሚያጣብቀው። እምነቱ የሚመለሰው አለቃው ማኒ ላይ ሲዘል ዲዬጎ መሃል ሲገባ ነው።

ስለ ቡድን ሥራ ደግሞ ከማዳጋስካር ፔንግዊኖች የተሻለ አስተማሪ አላየሁም። አራት ናቸው፣ አንዱ ያዛል፣ ሌሎቹ ይሠራሉ። ዋሻ ቆፍረው ሊያመልጡ ሲሉ አካፋቸው ይሰበራል፣ አላለቀሱም፣ ሌላ መቆፈሪያ አመጡ። ሳጥን ውስጥ ሆነው የተጻፈውን ለማወቅ ሲሞክሩ ማንበብ የሚችል ከመሃላቸው የለም። አለቃው አልተኩራራም፣ አጠገቡ ያለውን ቺምፓንዚ ጠየቀ፣ ቺምፓንዚው እሱም አይችልም፣ ጓደኛው ግን ይችላል። መርከቧ ወደ ኬንያ እንደምትሄድ ያወቁት እንዲህ ነው፣ ከዚያ መርከቧን ነጠቁ። መሥሪያ ቤት ቲም ቢልዲንግ ተብሎ ሪዞርት ተወስደን ገመድ ጉተታ ተጫውተን የተመለስን ሰዎች ይቺን ትንሽ ክፍል ብናይ ይበቃን ነበር። እርስ በርስ ይዋደዱ አይዋደዱ አይታወቅም። አንዱ የማይችለውን ሌላው ይችላል፣ መጠየቅ ደግሞ አያሳፍርም። ኧረ በነገራችን ላይ፣ መጨረሻ ላይ መርከቧ ነዳጅ እንደጨረሰች ያውቃሉ፣ ለነ አሌክስ ግን አይነግሯቸውም፣ ፈገግ ብለው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ጥሩ ቡድን ሁሉ ጥሩ ጓደኛ አይደለም።

ተከታዮቹ ክፍሎች ለኔ ደከም ይላሉ። ገጸ ባሕርያቱ እየበዙ ሲሄዱ መዋደዳቸውን በአፋቸው መናገር ያበዛሉ፣ ማድረጉ ደግሞ ያንሳል። የእህቴ ልጅ ግን አምስቱንም አይስ ኤጅ ትወዳለች። ማንን ትወጃለሽ ብላት ማኒን ወይ ዲዬጎን አልጠራችም። ያንን ከፍሬው በቀር ሌላ የማይታየውን ሽኮኮ መሳይ እብድ፣ ስክራትን ነው። መንጋ የለው፣ ቡድን የለው፣ ጓደኛ የለው። ሦስተኛው ክፍል ላይ ፍቅረኛ ቢያመጡለት እንኳ መጨረሻ ላይ ወደ ፍሬው ሮጠ።