ስቶክ ኦን ትሬንት፦ ሰሃን የሚገለበጥበት ከተማ

ከለንደን ኡስተን የተነሳው ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ተጉዞ የእንግሊዝ የሸክላ ሥራ ማዕከል ከሆነው ስቶክ ኦን ትሬንት አደረሰኝ። ከጣቢያው ፊት ለፊት የዝነኛው ሸክላ ሠሪ የጆሳያ ዌጅውድ ሐውልት የአበባ ማስቀመጫ በእጁ ይዞ ቆሟል። ሸክላ ሠሪ ለዘመናት ሲናቅ ከኖረበት አገር ለመጣ ሰው፣ ይህን አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብዳል።

ከከተማው ክፍሎች አንዱ ወደሆነው ሎንግተን ሄድኩ። ግላድስተን የሸክላ ሥራ ሙዚየም ግቢ ውስጥ የጠርሙስ ቅርጽ ያላቸው የጡብ እቶኖች ይታያሉ። የ1956ቱ የንጹሕ አየር ሕግ የድንጋይ ከሰል ጭስ ከመከልከሉ በፊት ከተማው በእነዚህ እቶኖች የተሞላ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የመጣሁበት ዋና ጉዳይ ግን ማኅተም ነው። የከተማው ሰው ምግብ ቤት ገብቶም ቢሆን ሰሃኑን ገልብጦ የሠሪውን ምልክት ያያል። አሮጌ ዕቃ የሚሸጡ አንዲት እናት አንድ ስኒ ገልብጠው አሳዩኝ። ከሥሩ በማዕዘኑ የቆመ ትንሽ አራት ማዕዘን ታትሞበታል፤ ይህ ከ1842 እስከ 1883 ለተመዘገቡ ንድፎች ይሰጥ የነበረ ምልክት ነው። አናቱ ላይ ያለው የሮማ ቁጥር አራት ዕቃው ከሸክላ ወገን መሆኑን ይናገራል። ዓመቱን የሚናገረው ፊደል ነው፤ እሱም እንደ ቦታው ይለያያል። የላቲኑ ሲ ከላይኛው ማዕዘን ከተቀመጠ 1844፣ ከቀኝ ከተቀመጠ 1870 ማለት ነው። የእኛው ስኒ ሲ ከቀኝ ነበር።

ታዲያ ስኒው የ1870 ነው? አይደለም። ከምልክቱ በታች «ኢንግላንድ» የሚል ጽሑፍ አለ። አሜሪካ በ1890 ባወጣችው የማኪንሌይ የቀረጥ ሕግ ምክንያት፣ ከ1891 ጀምሮ ወደዚያ የሚገባ ዕቃ የተሠራበትን አገር ስም መያዝ ነበረበት። የእንግሊዝ ፋብሪካዎች የአገራቸውን ስም አዘውትረው ማተም የያዙት ያኔ ነው። ስለዚህ ንድፉ በ1870 ተመዝግቦ፣ ስኒው ራሱ ከሃያ ዓመት በኋላ ሳይሠራ አልቀረም። ምዝገባው የንድፉን ልደት እንጂ የዕቃውን አይናገርም፤ ብዙ ገዢ የሚታለለውም እዚህ ላይ ነው። «ሜድ ኢን ኢንግላንድ» የሚለው ሐረግ ደግሞ በአብዛኛው የሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ከሁሉ የወደድኩት የንጉሣዊው አርማ ነገር ነው። በብዙ ማኅተሞች ላይ ይገኛል። ከ1837 በፊት ከሆነ፣ በጋሻው መሐል ሌላ ትንሽ ጋሻ አለ፤ የእንግሊዝ ነገሥታት ደርበው ይገዙት የነበረው የጀርመን ግዛት፣ የሃኖቨር ጋሻ ነው። በዚያ ዓመት ቪክቶሪያ ነገሠች። በሃኖቨር ሕግ ግን እሷ ሴት በመሆኗ ዙፋኑ ወደ አጎቷ ሄደ፣ ትንሹ ጋሻም ከእንግሊዝ አርማ ወጣ። የአንድ ቤተ መንግሥት ውርስ በሾርባ ሰሃን ሥር ተጽፎ ማየት ያስደንቀኛል።

ሻጯ ስኒውን የ1870 ብለው በውድ ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን መጀመሪያውኑ «ከ1891 ወዲህ» የሚል ወረቀት ለጥፈውበት ነበር፤ በተጻፈው ዋጋ ሳልከራከር ገዛሁት።